ሕዝብ ዝም ሲል፦ የፑሽኪን የመጨረሻ መስመር

ከመኳንንቱ አንዱ ከሟቹ ንጉሥ ቤት ደጃፍ ላይ ብቅ ይላል። ከደረጃው በታች ሕዝብ ተሰብስቧል። በሩ ተዘግቶ ሳለ ከውስጥ የሴቶች ጩኸት ይሰማ ነበር፤ አሁን ጩኸቱ ቆሟል። ሰውየው የንጉሡ ሚስትና ወጣቱ ልጇ መርዝ ጠጥተው እንደሞቱ፣ ሬሳቸውም እንደታየ ይናገራል። ያን ጩኸት የሰማ ሰው ይህን አያምንም። ማንም አይመልስም። ሰውየው ለምን ዝም እንዳሉ ይጠይቃቸውና ለአዲሱ ንጉሥ ረጅም ዕድሜ እየተመኙ እንዲጮኹ ያዝዛል፤ የሚጮኹትንም ቃል ራሱ ይሰጣቸዋል። ከዚያ በኋላ ገጹ ላይ የቀረው አንድ የመድረክ መመሪያ ብቻ ነው። በሩሲያኛው ሁለት ቃል ነች፤ ሕዝቡ ዝም ማለቱን ትገልጻለች። ተውኔቱ እዚህ ላይ ያበቃል።

አሌክሳንደር ፑሽኪን «ቦሪስ ጎዱኖቭ»ን ጽፎ የጨረሰው በኅዳር 1825 እ.ኤ.አ. ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ዕድሜው 26 ነበር። በመንግሥት ትእዛዝ ከከተማ ርቆ ሚካይሎቭስኮዬ በተባለው የእናቱ ርስት ተግዞ ይኖር ነበር። ርስቱ የወረደው ከቅድመ አያቱ ከአብራም ሃኒባል ነው፤ በልጅነቱ ከአፍሪካ ተወስዶ በታላቁ ጴጥሮስ ቤት ካደገው ሰው። በእኛ አገር የፑሽኪን ስም የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ የዘር ሐረግ ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥም አደባባይ ተሰይሞለታል። ስሙን የምናውቀውን ያህል የእጁን ሥራ ቀርበን አይተነዋል ማለት ግን ይከብዳል። እሱ ራሱ ግን የሠራውን ያውቅ ነበር። ተውኔቱን እንደጨረሰ ለወዳጁ ለቪያዜምስኪ በጻፈው ደብዳቤ ላይ፣ ብቻውን ሆኖ ጮክ ብሎ እንዳነበበው፣ ከዚያም እያጨበጨበ በደስታ ራሱን እንደተሳደበ ይነግረዋል።

ዝምታን መጻፍ ቀላል ይመስላል፤ ብዕርን ከወረቀት ማንሣት የሚበቃ ይመስለናል። ባዶ ገጽ ግን ዝምታ አይሆንም። በማሕሌት ከበሮው ድንገት ሲቆም ጆሮ የሚነቃው ቀጣዩን ምት ስለሚጠብቅ ነው፤ ከመጀመሪያውም ያልተመታ ከበሮ ዝም አለ አይባልም። ፑሽኪን 22 ትዕይንት ሙሉ የሕዝቡን ድምፅ ጆሯችን ውስጥ ሲያኖር ይቆያል። ከዚያ ጎን ለጎን ሌላ፣ ብዙም የማይታይ ሥራ ይሠራል። ዝምታን ከሕፃን ወደ መኳንንት፣ ከመኳንንት ወደ መነኩሴ፣ ከመነኩሴ ወደ ንጉሥ እያሻገረ፣ በ23ኛው ትዕይንት ሲጮኽ ብቻ ላየነው ሕዝብ ያስረክባል።

ታሪኩ ባጭሩ እንዲህ ነው። አስፈሪው ኢቫን በ1584 ሲሞት ዙፋኑን የወረሰው ደካማው ልጁ ፌዮዶር ነበር፤ አገሩን የገዛው ግን የፌዮዶር ሚስት ወንድም ቦሪስ ጎዱኖቭ ነው። በ1591 የኢቫን ትንሹ ልጅ ዲሚትሪ ኡግሊች በተባለች ከተማ አንገቱ ላይ ቆስሎ ሞተ። ያስገደለው ቦሪስ ነው ተባለ፤ ፑሽኪን የተከተለው የታሪክ ጸሐፊ ካራምዚንም ነገሩን የጻፈው በዚሁ መንገድ ነው። ፌዮዶር በ1598 ያለ ወራሽ ሲሞት ቦሪስ ነገሠ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከገዳም የኮበለለ ግሪጎሪ ኦትሬፒየቭ የተባለ ወጣት «ከሞት የተረፍሁት ዲሚትሪ እኔ ነኝ» ብሎ ከፖላንድ በኩል ጦር ይዞ መጣ። በ1605 ቦሪስ በድንገት ሞተ፤ ልጁም ሳይጸና ተገደለ።

ተውኔቱ ሲከፈት ሕዝቡ መድረክ ላይ የለም። ሁለት መሳፍንት ሰው በራቀው ቤተ መንግሥት ቆመው ስለ እሱ ያወራሉ፤ ከተማው ሁሉ ቦሪስን «ንገሥልን» ብሎ ሊለምን ወደ ገዳም ሄዷል። ከሁለቱ አንዱ ልዑል ሹይስኪ የሚሆነውን ከወዲሁ ያውቀዋል፦ ሕዝቡ ትንሽ ያለቅሳል፣ ቦሪስም ትንሽ ይግደረደራል፣ በመጨረሻ ይቀበላል። የሕዝቡን ድምፅ ገና ሳንሰማው ዋጋው ተነገረን። ለቅሶው የሥርዓቱ አንድ ክፍል ነው፤ መኳንንቱ እንደ ደወል ጠብቀው የሚያስጮኹት ነገር ነው።

ከዚያ ወደ ሜዳው እንወርዳለን። ከኖቮዴቪቺ ገዳም ፊት ሕዝቡ ተንበርክኮ ይጮኻል። ኋላ ካሉት መካከል አንዱ ሰዉ ምን ሆኖ እንደሚያለቅስ ይጠይቃል፤ ሌላው ይህ የመኳንንቱ ጉዳይ እንጂ የእነሱ እንዳልሆነ ይመልስለታል። እንባ እምቢ ያለው አንዱ ዓይኑን የሚያሽበት ሽንኩርት ከጎረቤቱ ይጠይቃል፤ ሌላው ምራቁን ቀብቶ ይገላገላል። ሳቁ ጮክ ያለ ነው፤ ቀልዱ ግን ሥራ ይዟል። ይህ ሕዝብ በትእዛዝ ማልቀስ እንደሚችል፣ የሚያለቅስበትንም ምክንያት ማወቅ እንደማያስፈልገው በሁለት በሦስት መስመር አረጋገጥን። መጨረሻ ላይ ያ መኮንን «ጩኹ» ሲል ምን እንደሚጠብቅ ከእሱ እኩል የምናውቀው ለዚህ ነው።

በዚያው ሜዳ አንዲት እናት ሕፃን ታቅፋለች። ሕዝቡ ጸጥ ማለት ሲኖርበት ሕፃኑ ያለቅሳል፤ በጭራቅ እያስፈራራች ዝም ታሰኘዋለች። በኋላ ሁሉም ማልቀስ ሲጀምር ሕፃኑ ዝም ይላል። እናቲቱ መሬት ላይ ትጥለዋለች፤ ያን ጊዜ ያለቅሳል፤ እሷም ደስ ይላታል። ለአንባቢ ይህ ጥቂት መስመር የያዘ ቀልድ ነው፤ አልፎ የሚረሳው። ተውኔቱን ጨርሶ ተመልሶ ሲያየው ግን፣ ጩኸት በታዘዘበት ሰዓት ዝም ያለው የመጀመሪያው ሰው ይህ ሕፃን መሆኑን ያስተውላል። የሚጮኽበት ምክንያት አልነበረውም፤ ስለዚህ አልጮኸም፤ ስለዚህ ተቀጣ። ፑሽኪን የመጨረሻውን ትዕይንት ዘር እዚህ ሲዘራ ጣቱን አልቀሰረበትም።

ቀጥሎ ዝምታ ወደ መኳንንቱ ይሻገራል። ቦሪስ ዘውድ እንደጫነ ያ ትንቢት የተናገረው ሹይስኪ ሐሳቡን ለውጦ እናገኘዋለን። ጓደኛው የትናንቱን ወሬ ሲያስታውሰው መርሳት ጥሩ መሆኑን ይመክረዋል። «ዝም አይነቅዝም» የሚለው ተረታችን ለሹይስኪ የተነገረ ይመስላል፤ እሱ ዝምታን እንደ እህል ያከማቻል፣ ገበያው ሲወደድ ሊያወጣው። በኡግሊች የሕፃኑን አሟሟት እንዲመረምር የተላከው እሱ ራሱ ስለነበር የሚያከማቸው ቀላል ነገር አይደለም። ይህ ዝምታ ፍርሃትና ስሌት የተቀላቀሉበት ነው፤ ፑሽኪንም ሳያወግዘው እንዳለ ያሳየዋል።

በአምስተኛው ትዕይንት ደግሞ ሌላ ዓይነት ዝምታ አለ። ቹዶቭ በተባለው ገዳም አባ ፒሜን በመብራት ብርሃን የመጨረሻውን ታሪክ ይጽፋሉ። ወጣቱ ግሪጎሪ ከእንቅልፉ ነቅቶ ይመለከታቸዋል፤ ፊታቸው ላይ ቁጣም ኀዘኔታም ማንበብ አይችልም። ዜና መዋዕል በገዳም የሚጻፍበትን ባህል ለሚያውቅ የአማርኛ አንባቢ ይህ ክፍል እንግዳ አይሆንበትም። አባ ፒሜን ለማንም አይከራከሩም፤ ያዩትን ይጽፋሉ። ግሪጎሪ ብቻውን ሲቀር የሚያስበው ሐሳብ ትዕይንቱን ይቆልፈዋል፦ በቦሪስ ፊት የሕፃኑን ነገር ማንሣት የሚደፍር የለም፤ በጨለማው ክፍል ግን ዝምተኛው ሽማግሌ ክሱን እየጻፈ ነው። እዚህ ላይ ዝምታና ፍርድ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ቦታ ይገናኛሉ።

በሰባተኛው ትዕይንት ቦሪስ ብቻውን ይናገራል። በነገሠ ስድስተኛ ዓመቱ ነው፤ ደስታ አላገኘም። በረሃብ ጊዜ ጎተራ ከፍቶ ለሕዝቡ እህል አደለ፣ ተረገመ። ከተማው ሲቃጠል ቤት ሠራ፣ ያቃጠልኸው አንተ ነህ ተባለ። ምሬቱ እውነተኛ ስለሆነ እናዝንለታለን። በዚህ መሐል የሕዝብ ጭብጨባም ሆነ የሕዝብ ቁጡ ጩኸት ልባችንን ቢያውከው ሞኞች ነን ይላል። ዝርዝሩን ልብ ብሎ ላየው ሰው አንድ ነገር ጎድሎታል። ንጉሡ ሊንቃቸው የተዘጋጀው ሁለት ድምፆችን ነው፤ ጭብጨባና ጩኸት። ሕዝብ ከእነዚህ ውጭ ሌላ መናገሪያ ሊኖረው እንደሚችል አልታሰበውም። ደራሲው ግን ያስባል፤ ሦስተኛውን ለመጨረሻው ገጽ አስቀምጦታል።

ፑሽኪን የመድረክ መመሪያ አያበዛም። ስለዚህ ሲጽፍ ልብ ማለት ይገባል። ከሸንጎው ትዕይንት አንዱን እንውሰድ። አስመሳዩ ግሪጎሪ ጦር ይዞ እየመጣ ነው፤ ንጉሡ መኳንንቱን ምክር ይጠይቃል። ፓትርያርኩ በቅን ልብ ተነሥተው በሟቹ ሕፃን መቃብር ላይ ስለተደረገ ተአምር ረጅም ታሪክ ያወራሉ፤ አፅሙ ሞስኮ ቢመጣ የአስመሳዩ ውሸት ይገለጣል ብለው ያሳስባሉ። ለማን እንደሚያወሩ የገባቸው አይመስልም። መመሪያው የሚነግረን ሁለት ነገር ነው፦ ሸንጎው ሁሉ ተደናግጧል፤ ንጉሡም በንግግሩ መሐል ደጋግሞ ፊቱን በመሐረብ ጠርጓል። አንድም ሰው ቦሪስን ገዳይ አላለውም፤ እሱም አልተከላከለም። መሐረቡ ይናገራል። እዚህ ላይ ዝምታው የንጉሡ ነው፤ እንደ ሹይስኪ ሊያተርፍበት ቀርቶ ሊሸከመው አቅቶታል።

ከሁለት ትዕይንት በኋላ ያን ሁሉ ሰው የፈራውን ነገር አንድ ሰው በአደባባይ ይናገራል፤ ለእግዚአብሔር ብሎ ያበደ፣ የብረት ቆብ የደፋ ምስኪን። ልጆች ሳንቲሙን ቀምተውታል። ንጉሡ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጣ፣ ትንሹን ልዑል እንዳሳረድህ እነዚህንም አሳርዳቸው ይለዋል። መኳንንቱ ሊይዙት ይሮጣሉ፤ ቦሪስ ይከለክላቸዋል፣ ጸልይልኝም ይለዋል። ክሱን አልካደም። ምስኪኑም ከኋላው ሆኖ ለሄሮድስ መጸለይ እንደማይቻል፣ እመቤታችን እንደማትፈቅድ ይነግረዋል። የፑሽኪን ጥበብ እዚህ ላይ መጠን ማወቁ ነው። ቦሪስ ቢያለቅስ፣ ቢቆጣ ወይም ቢናዘዝ ኖሮ ትዕይንቱ የእሱ ይሆን ነበር። ያለ መልስ ስለሄደ ግን ክሱ በአደባባዩ ላይ ቀረ፤ በዙሪያው የቆመው ሕዝብም ወረሰው።

ሞቱ ሲቀርብ ቦሪስ ልጁን ፌዮዶርን ጠርቶ የመንግሥትን ምሥጢር ያስተምረዋል። ከምክሮቹ አንዱ ንግግርን የሚመለከት ነው፦ ዝምተኛ ሁን፤ የንጉሥ ድምፅ በከንቱ አየር ላይ መባከን የለበትም፤ እንደ ቤተ ክርስቲያን ደወል ለታላቅ ኀዘን ወይም ለታላቅ በዓል ብቻ ሊሰማ ይገባዋል። ምክሩ ጥሩ ነው። ቦሪስ ዝምታን የዙፋን ንብረት አድርጎ ያወርሳል፤ የሚናገረው ባለሥልጣን ሲመርጥ ነው፣ የሚጮኸው ሕዝብ ሲታዘዝ ነው። ሦስት ትዕይንት ብቻ ቆይቶ ይህ ውርስ ባለቤቱን ይቀይራል። ልጁ ዝም እንዲል የተመከረበትን ዙፋን ሳይጠግበው ይገደላል፤ ንጉሣዊውን ዝምታም ከደረጃው ሥር የቆሙት ይወርሱታል።

ከዚያ በፊት ግን ፑሽኪን አንድ ሚዛን ያቆማል። የራሱን ስም የያዘ የዘር አባቱን፣ ጋቭሪላ ፑሽኪንን፣ የአስመሳዩ መልእክተኛ አድርጎ ያስገባዋል። ይህ ሰው የቦሪስን የጦር አዛዥ ባስማኖቭን ሲያግባባ አይዋሽም፤ ጦራችን እዚህ ግባ የሚባል አይደለም ይለዋል። ኃይላችን ግን ከፖላንድ እርዳታም ከጦሩም አይደለም፣ ከሕዝብ አስተያየት ነው ይለዋል። ባስማኖቭ ይሸነፋል። ቀጥሎ በአደባባዩ መድረክ ላይ ያው ሰው ለሕዝቡ ይናገራል፤ ሕዝቡም ለዲሚትሪ ዕድሜ እየለመነ፣ የቦሪስን ዘር እየረገመ፣ ልጁን ሊያስርና ሊያሰጥም በጩኸት ወደ ቤተ መንግሥት ይግተለተላል። ስለዚህ በመጨረሻው ትዕይንት የምናገኘው ሕዝብ ንጹሕ አይደለም። ጥቂት ገጽ ቀደም ብሎ የደም ያለህ ሲል ሰምተነዋል። ፑሽኪን ይህን አልደበቀልንም፤ ቢደብቀው ዝምታው የመላእክት ዝምታ ይሆንና እንደማናምነው ያውቃል።

አሁን ወደ ደጃፉ እንመለስ። ትዕይንቱ የሚጀምረው በዝግታ ነው። ወጣቱ ፌዮዶር በመስኮት ይታያል፤ ዘበኛ ከበሩ ቆሟል። አንድ ለማኝ ምጽዋት ይጠይቃል፤ ከእስረኞች ጋር መነጋገር ክልክል ነው ይባላል። ፌዮዶር ለማኙ ከእሱ እንደሚሻል፣ ነጻ ሰው እንደሆነ ይነግረዋል። እኅቱ ክሴኒያም ብቅ ትላለች። ከታች ያለው ሕዝብ ይከፈላል፤ አንዱ ያዝንላቸዋል፣ ሌላው የአባታቸውን ኃጢአት ያነሣል። አንድ ሆኖ ሲጮኽ የነበረው ሕዝብ እንደገና ብዙ ሰው ሆነ፤ እያንዳንዱ የራሱን ይናገራል። መኳንንቱ ከወታደሮች ጋር ወደ ውስጥ ይገባሉ። ሕዝቡ ቃለ መሐላ ሊያስፈጽሙ ነው ብሎ ይገምታል። ከዚያ ውስጥ ትርምስ ይሰማል፣ ሴቶች ይጮኻሉ፤ አንዳንዶች እንግባ ይላሉ፤ በሩ ተቆልፏል። ግድያውን አናይም። ሕዝቡ የሰማውን ያህል ብቻ እንሰማለን፤ ስለዚህ በሩ ሲከፈት የምናውቀው እነሱ የሚያውቁትን ነው።

በዚህ ቦታ ላይ ዝምታው ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ ሥራው ያለው እዚህ ነው። ሞሳልስኪ የተባለው መኮንን የሞቱን ወሬ ሲናገር የመጀመሪያው መመሪያ ሕዝቡ በድንጋጤ ዝም ማለቱን ይገልጻል። ምክንያቱ ተሰጥቶናል፤ ድንጋጤ ነው፤ ማንም ሰው ይደነግጣል። ቀጥሎ ሞሳልስኪ ጥያቄውንና ትእዛዙን ያስከትላል። ሁለተኛው መመሪያ ዝም ማለታቸውን ብቻ ይናገራል፤ በምን ምክንያት እንደሆነ አይልም። ድንጋጤ የምትለዋ ቃል ጠፍታለች። የመጀመሪያው ዝምታ ሰውነት ላይ የወደቀ ነገር ነበር፤ ሁለተኛው ከጥያቄ በኋላ የመጣ ስለሆነ መልስ ነው። ያቺ አንዲት ምክንያት በመጥፋቷ አንባቢው ራሱ ሊሞላት ይገደዳል፦ ጸጸት ነው? ፍርሃት ነው? እምቢታ ነው? ፑሽኪን የመጀመሪያውን ዝምታ ባያስቀድም ኖሮ ሁለተኛውንም ድንጋጤ ብለን እናልፈው ነበር።

ሌላው ነገር የሚጮኸው ቃል ራሱ ነው። ሞሳልስኪ «ጩኹ» ብሎ አልቆመም፤ ቃሉን በሙሉ፣ ከነንጉሡ ስም፣ ተናግሮታል። ስለዚህ ያልተጮኸው ጩኸት ምን እንደነበረ አንባቢው በትክክል ያውቃል፤ በአንድ አፍ ብቻ ሲነገር ሰምቶታል። መፈክር በሺህ አፍ ሲነገር ሥልጣን ይሆናል፤ በአንድ መኮንን አፍ ብቻ ሲነገርና ሳይመለስ ሲቀር ግን የአንድ ነፍሰ ገዳይ ንግግር ሆኖ ይቀራል።

የሚገርመው መጀመሪያ እንዲህ አልተጻፈም። በ1825ቱ የእጅ ጽሑፍ ሕዝቡ ይጮኻል፤ የታዘዘውን ቃል እንዳለ መልሶ ለአስመሳዩ ዕድሜ ይመኛል። ያም መጨረሻ ደካማ አይደለም፤ በሽንኩርት ያለቀሰ ሕዝብ ሬሳ ሳይቀዘቅዝ በትእዛዝ ሲጮኽ ታሪክ እንደ ወፍጮ ዞሮ እዚያው መመለሱን ያሳያል። ዝምታው የመጣው በ1831 በታተመው መጽሐፍ ነው። ለውጡ የደራሲው የራሱ ነው ወይስ የሳንሱር ግፊት አለበት የሚለውን የፑሽኪን ሊቃውንት ይከራከሩበታል። በዚያው እትም የኖቮዴቪቺው ሜዳ ትዕይንት፣ ከነሽንኩርቱና ከነሕፃኑ፣ ወጥቶ ነበር። የኋላ ዘመን እትሞች መልሰው አስገቡት። እንግዲህ ዛሬ የምናነበው የእጅ ጽሑፉን መጀመሪያና የታተመውን መጨረሻ አጣምሮ የያዘ ነው፤ ሁለቱ ሲገናኙ የሚሰጡት ኃይል ለብቻቸው ከነበራቸው ይበልጣል።

መጽሐፉ እስኪታተም የቆየው በንጉሡ በራሱ ምክንያት ነው። ቀዳማዊ ኒኮላይ በ1826 ፑሽኪንን ከግዞት አስጠርቶ ከእንግዲህ ሳንሱርህ እኔ ነኝ አለው። ተውኔቱ ሲቀርብለት በዋልተር ስኮት ልቦለዶች አምሳል ወደ ታሪካዊ ልቦለድ ቢቀየር ይሻላል የሚል አስተያየት በፖሊስ አዛዡ በቤንኬንዶርፍ በኩል መጣ። ፑሽኪን አንዴ የጻፈውን ዳግም መጻፍ እንደማይችል በትሕትና መለሰ። የመጨረሻው መስመር ሐሳብ ራሱ ግን ለዘመኑ እንግዳ አልነበረም፤ የሕዝብ ዝምታ ለነገሥታት ትምህርት ነው የሚለውን ሐሳብ የፈረንሳይ ጳጳስ ደ ቦቬ በ1774 በሉዊ 15ኛ የቀብር ስብከት ላይ ተናግረውት ነበር፤ ፖለቲከኛው ሚራቦም በ1789 አብዮት መጀመሪያ ላይ ደግሞታል። ፑሽኪን ከልጅነቱ ፈረንሳይኛ ያነበበ ሰው ነው። የሩሲያ ታላቁ ሐያሲ ቤሊንስኪም በዚህ ዝምታ ውስጥ የበቀልን አስፈሪ ድምፅ ሰምቶ ነበር።

ለቴአትር ሰዎች ግን መስመሩ ፈተና ነው። የመጨረሻውን ቃል ተመልካች ጨርሶ አይሰማውም፤ የሚያየው የቆመ ሕዝብ ነው። ተውኔቱ መድረክ ላይ የወጣው ፑሽኪን ከሞተ ከ33 ዓመት በኋላ፣ በ1870 ነው። ሙሶርግስኪ ኦፔራ ሲያደርገው ታላቅ የዘፋኞች ኅብረት ነበረው፤ ለዚያ ኅብረት ዝምታን መስጠት አልመረጠም፤ በ1872ቱ ቅጂ መጨረሻውን ለዚያ ብረት ቆብ ለደፋው ምስኪን ለቅሶ ሰጠ። ዩሪ ሊዩቢሞቭ ደግሞ በ1982 ሞስኮ በታጋንካ ቴአትር ሲያዘጋጀው ለምን ዝም እንዳሉ የሚጠይቀውን ቃል ወደ ተመልካቹ አዞረው። ዝግጅቱ ታገደ፤ ለሕዝብ የታየው በ1988 ነው። መልሱ ዝምታ የሆነ ጥያቄ 150 ዓመት ቆይቶም ባለሥልጣን አስፈርቷል።

በሥነ ጽሑፍ ታላላቅ ዝምታዎች ሞልተዋል። በሆሜር ኦዲሴይ አያክስ በሙታን አገር ለኦዲሴዎስ ልመና ሳይመልስ ፊቱን አዙሮ ይሄዳል። በሶፎክሊስ አንቲጎኔ ንግሥት ኤውሪዲኬ የልጇን ሞት ሰምታ ያለ ቃል ወደ ቤቷ ትገባለች። በመጽሐፈ ኢዮብ ወዳጆቹ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አጠገቡ ተቀምጠው አይናገሩም። እነዚህ ሁሉ ስምና ፊት ያላቸው ሰዎች ናቸው፤ ዝምታቸውን ከታሪካቸው እንፈታዋለን። ፑሽኪን ስም የሌለውን፣ እርስ በርሱ ያልተስማማውን፣ ትናንት የተሳሳተውን ብዙኃን ዝም ማሰኘቱ ከዚህ ይከብዳል። ዝም እንበል ብሎ የተመካከረ የለም፤ መሪ የላቸውም። ቢሆንም አንድ ሆነው ዝም አሉ፤ ያለ ሽንኩርትም ያለ ቀስቃሽም አንድ የሆኑበት ሰዓት ይህ ብቻ ነው።

ዝምታው ማንንም አላዳነም። አስመሳዩ ሞስኮ ገብቶ ነገሠ፤ በግንቦት 1606 ተገደለ፤ ከእሱ በኋላ ዙፋን ላይ የወጣው ያ መርሳትን የመከረው ሹይስኪ ነው። ፑሽኪን ይህን ሁሉ እያወቀ አንድ ቃል አልጨመረበትም፤ ሕዝቡን ጀግና አላደረገውም፣ ተስፋም አልሸጠልንም። ያደረገው ነገር ለሥልጣን አንድ የማይታዘዝ ቦታ ማሳየት ነው። እንባን በሽንኩርት ማስመጣት ይቻላል፣ ጩኸትንም በዱላ፤ ሞሳልስኪ ግን ወታደርም ቁልፍም ይዞ ከዚያ ደረጃ ላይ አንድ «አሜን» ማግኘት አልቻለም። ዝምታን መጻፍ የሚሻ ደራሲ ከዚህ የሚወስደው ተግባራዊ ነገር ነው፦ የሚጠበቀውን ድምፅ አስቀድሞ በሚገባ አሰማ፣ ቃሉን በሚፈልገው ሰው አፍ አስነግር፣ ጥያቄውንም አስጠይቅ፤ ምክንያቱን ግን ለአንባቢው ተውለት።